እናቴ ቀን አትቆጥርም

እናቴ የእርግዝና ቀን አትቆጥርም። ከቢቸና ስትደውልልኝ «ስንት ወር ሞላሽ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። «ይንቀሳቀሳል ወይ?» ትላለች። «እህል ይበላልሻል ወይ?» ትላለች። ከዚያ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ወደ ጤፉ፣ ወደ ላሟ፣ ወደ ጎረቤት ሰርግ ትሻገራለች። አንድ ቀን ሆን ብዬ «እማዬ፣ ሐኪሟ ታኅሣሥ 12 ነው አለችኝ» አልኋት። ስልኩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» ስል፣ «ዘንድሮ የጤፉ ዛላ መልካም ነው» አለችኝ።

ባለቤቴ ግን ይቆጥራል። ደብረ ማርቆስ በምንኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከግንቦት ጀምሮ በእርሳስ ጭረት ተሞልቷል። እሑድ በመጣ ቁጥር አንድ ሳምንት ይሰርዛል። የክረምቱ ማብቂያ ላይ ስሌቱ ተምታታበት፤ ጳጉሜን መጣችበት። ያለፈው 2011 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ነበር። ያን ማታ ወረቀት አውጥቶ ሲደምር ቆየና አንድ ነገር አሳየኝ። ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ጽንስ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ትቆጥረዋለች፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቁጥሩ እንዳያልፍ ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። ዘንድሮ፣ በ2012፣ እንዲያ ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 28 እንደሚውል ሁለታችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቃለን፤ ምክንያቱ የአንዲት እናት የእርግዝና ቀን መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። «ለአንድ ቀን ሲባል ገና ይዛወራል» አለኝ ባለቤቴ፣ «እኔስ ለምን አልቆጥር?»

የሐኪሞቹ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው። እነሱ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥተው 280 ቀን፣ አርባ ሳምንት ይሉታል። በዚህ ቁጥር መሠረት መፀው ሲገባ፣ መስከረም 26 ቀን፣ ሃያ ዘጠኝ ሳምንት አልፎኝ ነበር። ስለ መፀው ልጽፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው። ከአደይ አበባ እስከ ጤፍ አጨዳ ያለው ጊዜ ለጎጃም የዓመቱ ማማሩ ነው፤ ለእኛ ግን ዘንድሮ ስለ ደም የተማርንበት ሆነ።

የመጀመሪያውን ክትትል ግንቦት ላይ ስጀምር ደሜ ተመረመረ። ኦ ኔጌቲቭ። የባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች በለሆሳስ «ሾተላይ ሲባል ሰምተሻል?» አለችኝ።

እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። የደም ዓይነትን ለስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ብዬ ጽፌ፣ ቀስት አውጥቼ፣ ፈተና አውጥቼበታለሁ። ሾተላይ የሚለውን ቃል ደግሞ ነፍስ ከማወቄ በፊት ጀምሮ ነው የማውቀው፤ ቤታችን ውስጥ የሚንሾካሾኩበት ቃል ነበር። ሁለቱን ግን አገናኝቻቸው አላውቅም። አንዱ የትምህርት ቤት፣ አንዱ የእናቴ ጓዳ ነበርና።

የታላቅ ወንድሜ ልደት ያለ ችግር ነበር። ከእሱ በኋላ እናቴ ሁለት ወልዳ ሁለቱንም በአራስ ቤት ቀበረች። ከዚያ እኔ ተወለድሁ። ከእኔ በኋላ ደግሞ አንድ በሆዷ ሳለ ሞተባት። አገሩ ሁሉ «ሾተላይ አለባት» አለ። ጠበል ተጠመቀች፣ ክታብ አሰረች፣ ተሳለች። እኔ ስወለድ ሞት እንዳያውቀኝ ተብሎ ለጎረቤት «ተሸጥሁ»፤ በመስኮት አቀብላኝ በአንድ ብር መልሳ ገዛችኝ። ልጅ ሳለሁ ያን ታሪክ ስትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። በአንድ ብር የተገዛሁ ልጅ መሆኔን ለጓደኞቼ እኩራራበት ነበር።

ያ የምርመራ ወረቀት ሌላ ነገር ነገረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ የልጁ ደም በወሊድ ጊዜ ወደ እሷ ሊገባ ይችላል። ሰውነቷ ያንን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋበትን መከላከያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ እሱ ወጥቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ፖዘቲቭ ልጅ ግን የተዘጋጀ ጠላት ይጠብቀዋል፤ መከላከያው በእንግዴ ልጁ በኩል ተሻግሮ የልጁን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ልጁ በሆድ ሳለ ሊሞት፣ ወይም ሲወለድ ወዲያው ቢጫ ሊሆን ይችላል። ታዲያ እኔ የተረፍሁት ሞት ስላላወቀኝ ሳይሆን የእናቴ ደም ስላወቀኝ ነው። እንደ እሷ ኔጌቲቭ ነኝና እንደ ባዕድ አላየኝም። ወንድሞቼና እህቴ የአባቴን ደም ይዘው ነበር።

ሾተላይ መርፌ አለው። አንቲ ዲ ይባላል። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተወጋች፣ የእናትየዋ ሰውነት ያንን ደም ሳያውቀው፣ ሳይማረው ያልፋል። በእርግዝናም በሃያ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ ይሰጣል። በውጭ አገር በሥራ ላይ የዋለው በእኛ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነው። የእናቴ ሁለት አራስ ልጆች የሞቱት በ1977 እና በ1980 ነው። ይህንን ልዩነት ስቀንስ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ።

ለእናቴ እንነግራት ወይስ አንነግራት? መስከረምን በዚህ ጨረስነው። ባለቤቴ «ይነገራት፣ እውነት ነው» ሲል እኔ «ለምን? ይመልስላታል?» እላለሁ። በማግስቱ እኔ «ልንገራት» ስል እሱ «ቆይ እስክትወልጂ» ይላል። ሠላሳ ዓመት የተሸከመችውን ሐዘን ከፍቶ «መድኃኒት ነበረው» ማለት ምን ዓይነት ደግነት እንደሆነ ሁለታችንም አላወቅንም።

ሁለተኛው ጭንቀት ራሱ መርፌው ነበር። ከመስቀል በዓል በኋላ ሐኪሟ ሁለት አዘዘችልኝ፤ አንዱ አሁን፣ አንዱ ከወሊድ በኋላ። በከተማችን መድኃኒት ቤቶች ዞርን። አንዱ «አልቋል» አለ፣ ሌላው «ከአዲስ አበባ ይመጣል» አለ፣ አንዱ ስሙንም አልሰማ። ጥቅምት ሲገባ ባሕር ዳር እንደሚገኝ ተነገረን። ለልጁ አልጋ ያስቀመጥነውን ብር አወጣንና ባለቤቴ ሌሊት ተነሥቶ ሄደ።

መድኃኒቱ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። መብራት ሳያገኝ፣ በአውቶቡስ፣ ቀን በፀሐይ ነው የሚመጣው። ከጎረቤት የተዋስነውን የክትባት መያዣ ሣጥን በረዶ ሞልቶ፣ በረዶው መድኃኒቱን እንዳይነካው በጨርቅ ለይቶ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በየከተማው ይደውልልኛል። ዳንግላ። እንጅባራ። ቡሬ ላይ ሰዎች ሲወርዱ ሣጥኑን አቅፎ መቆሙን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ምን ይዘህ ነው እንዲህ የምትሳሳለት?» ማለታቸውን ነገረኝ። «የባለቤቴ መድኃኒት ነው» ቢላቸው በመስቀላቸው ሣጥኑን ባርከውለታል።

የግብርና ባለሙያ ስለሆነ መንገድ ላይ እርሻ ሳያይ አይውልም። የኑግ ወቅት ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አበባው ቢጫ ሆኖ እስከ ጋራው ግርጌ ተነጥፎ፣ ንቦች በመስኮት እየገቡ እንደነበር አወራኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ሲገባ ሣጥኑን ከእጁ ሳያወርድ በእግሩ በር ከፈተ። ጠርሙሷን አየኋት። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። የመጀመሪያ ልጃችን እስከ አሁን በደህና ነው፤ ሰውነቴ ያንን መከላከያ እንዳልሠራ ምርመራው አሳይቷል። እንግዲህ ባለቤቴ ባሕር ዳር ድረስ የሄደው በዋናነት ለዚህኛው ልጅ ሳይሆን ገና ላልተፀነሰው፣ ይምጣ አይምጣ ለማይታወቀው ነው። ይህን ሳስብ እጁን ያዝሁት። ቀዝቅዞ ነበር፤ በረዶውን ሲያስተካክል የዋለ እጅ።

በማግስቱ አንዱን ተወጋሁ። ሁለተኛው ፍሪጃችን ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን፣ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጥቅምት መልካም ነበር። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ሲመሽ ያንዘፈዝፋል፤ ባለቤቴ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ ሾርባ ይሠራልኛል። ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ዘንድሮ እኔ አልጾምሁም። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማኅሌቱ ከበሮ ከሩቅ ይሰማኛል። በዚያ ወቅት የሚዘከረው እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷ ነው። ልጁን ለማትረፍ በረሃ የሚያቋርጡ ሰዎች። በልጅነቴ ስሰማው የነበረውን ያንን ታሪክ፣ ሣጥን ታቅፎ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው አጠገቤ ተኝቶ ሳዳምጠው ሌላ ሆነብኝ።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ አዋላጇ ሆዴን በሜትር ትለካለች፣ ከዚያ ያቺን እንደ መለከት ያለች የእንጨት መስሚያ ሆዴ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ትደፋለች። አንድ ቀን ባለቤቴን «ና አንተም ስማ» አለችው። ተንበርክኮ ጆሮውን ደፋ። ብዙ ቆየ። «ምን ይላል?» ስለው መልስ አልሰጠኝም፤ በጣቱ ጭኔ ላይ ምቱን መታልኝ፤ ፈጣን ነው፣ እንደሚሮጥ ሰው ልብ።

ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል መስኮቱን ዘግተን፣ በሩ ሥር ፎጣ ጠቅጥቀን ዋልን። ኅዳር ሲታጠን ለ1911ዱ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። አንድ መቶ አንድ ዓመት ያለፈውን በሽታ ሰው በየዓመቱ በጭስ ያስታውሰዋል፤ የእናቴ ሦስት ልጆች ግን የሚታሰቡበት ቀን የላቸውም። በማግስቱ እናቴ መጣች።

በእኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ ነው የምትወልደው። እኔም እናቴ «ነይ» ትለኛለች ብዬ፣ እንዴት እምቢ እንደምላት ስጨነቅ ነበር። እሷ ግን «ከሐኪም ቤት አትራቂ፣ እኔ እመጣለሁ» አለችኝና በደጀን ዞራ፣ የትኖራን፣ ሉማሜን አልፋ ከነጓዟ ደረሰች። የገንፎ ገብስ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ለአራስ ቤት የሚሆን አዲስ ሰሌን። ገብሱን ያመጣችው ሳይፈተግ ነው፤ ያለ ሙቀጫ የምንኖር መሆናችንን ስታይ አዘነች፤ ከጎረቤት ተዋሰች። የሰፈሩ ሴቶች ዘነዘና እየተቀባበሉ ፈተጉላት። ባለቤቴ ሰፌድ ሲያነሣ «ልጄ፣ ተው፣ የአንተ ሥራ አይደለም» አለችው። «እማዬ፣ እርስዎ ያሳዩኝ እንጂ እችላለሁ» አላት። አሳየችው። ገለባው ፊቱ ላይ ሲበንን እናቴ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

የነገርኋት ገብሱን ስትቆላ ነው። እሷ ምጣዱ ጎን፣ እኔ ዱካ ላይ። እንዴት እንደምጀምር ሳላውቅ «እማዬ፣ ያኔ ልጆቹ ምን ሆነው ነው?» አልኋት።

ማማሰያውን አላቆመችም። «ቢጫ ሆኑ» አለች። «እንደ ኑግ አበባ። የመጀመሪያው ሲወለድ ደህና ነበር፤ ማታውን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሦስተኛው ቀን ሳይነጋ ሄደ። እሷ ሦስት ቀንም አልሞላች።» ከዚያ ገብሱን ገለባበጠችና «ቆጥሬ ነበር» አለች። «ክርስትናው የሚውልበትን ቀን ሳይቀር ቆጥሬ፣ ጠላውን ጠንስሼ ነበር።»

ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን ሁሉ ነገርኋት፤ ያለ ቀስት፣ ያለ ኔጌቲቭና ፖዘቲቭ። የእሷና የአባቴ ደም እንደማይገጥም፣ ሾተላይ የሚሉት ይኸው እንደሆነ። አንድ ሁለቴ አቋረጠችኝ። «ዛር አይደለም?» «አይደለም።» «የሰው ዓይንስ?» «አይደለም እማዬ። የማንም እጅ የለበትም።» ያን ጊዜ ማማሰያው ቆመ። ገብሱ ማረር ጀመረ፤ እኔ ጎንበስ ማለት ስለማልችል ባለቤቴን ጠራሁት፤ መጥቶ ምጣዱን አወረደ።

«ያችን ከወንዝ ማዶ ያለችውን» አለች እናቴ፣ «ሠላሳ ዓመት ቤቷ ቡና አልጠጣሁም። እናቷ ስትሞት እንኳ አላስተዛዘንኋትም።» እውነቱን ከሰማች በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። የተጠረጠረችውን ሴት አውቃታለሁ፤ ልጅ ሳለን በደጇ እንዳናልፍ እንከለከል ነበር። «ስመለስ እሄዳለሁ» አለች።

መመርመር የፈለገችው ራሷ ናት። የላቦራቶሪው ልጅ «እማማ፣ ጣትዎን» ብሎ ወጋ አደረጋትና መስተዋት ላይ ሦስት ጠብታ ደም አኖረ። በእያንዳንዱ ላይ የየራሱን ፈሳሽ ጨምሮ በስንጥር አማሰለ፤ መስተዋቱን ወዲህና ወዲያ አዘነበለ። የሚረጋ ከሆነ ደሙ እንደ አሸዋ ይበተናል። የመጀመሪያው አልረጋም። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን እናቴ አንገቷን አስግጋ ተመለከተችው። እንዳለ፣ ለስላሳ፣ ቀይ ሆኖ ቀረ። «ኦ ኔጌቲቭ» አለ ልጁ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «እንደ አንቺ?» አለች። «እንደ እኔ።» ስትወጣ የተወጋች ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ ነበር።

መንገድ ላይ ስለ መርፌው አንድ ቀሪ ነገር ነገርኋት። መድኃኒቱ የሚሠራው ከሰው ደም ነው፤ እንደ እሷ ካሉ፣ ደማቸው ኔጌቲቭ ሆኖ መከላከያውን ከሠራ ሰዎች። ልጆቿን የወሰደባት ነገር ተጣርቶ፣ በልክ ተደርጎ፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ነው ሌላ ልጅ የሚያተርፈው። ቆመች። ባጃጆች በአጠገባችን ያልፋሉ።

«እንግዲያው ከእኔ ለምን አልወሰዱም?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እዚያው ቆመን የልጆቿን ስም ነገረችኝ። የመጀመሪያውን ቄስ ለክርስትና ደርሰውለት ነበር፤ የሁለተኛዋን ስም እሷ ብቻ ነው የምታውቀው። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ቤት ስንደርስ ፍሪጁን ከፈተች። ጠርሙሷን ሳትነካ አየቻት። «ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ዝጊው እማዬ» አልኋት፤ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ተነሥታ በሩን በእጇ ደግፋ ትቆማለች፤ ማንም እንዳይከፍተው።

ይህን የምጽፈው ኅዳር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ጤፍ እየታጨደ ነው። የገንፎው ገብስ ዱቄት ሆኖ ጣሳ ሞልቷል። ትናንት ማታ ባለቤቴ እንደ ልማዱ እርሳሱን ይዞ ካላንደሩ ፊት ቆሞ ሳለ እናቴ ከኋላው መጣች።

«መርፌው ከወለደች በኋላ በስንት ቀን ነው ያላችሁት?»

«በ72 ሰዓት ውስጥ ነው እማዬ። ሦስት ቀን።»

«ሦስት ቀን» አለች። እርሳሱን ከእጁ ተቀበለችው። «ያንን እኔ እቆጥራለሁ።»